ባለቤቱ ካልጮኸ

ተማሪዎቿ በሌለችበት «ዶክተር ግን» ይሏታል። ታውቃለች፤ እንዳላወቀች ሆና ትኖራለች። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። አንዱ ኩባንያ አዲስ ማሽን ይሠራና፣ ማሽኑ ፊት አይቶ ሌባ ይለያል፣ ብድር የሚመልሰውን ከማይመልሰው ያበጥራል፣ ለሥራ የሚሆነውን ሰው ከሺህ መካከል ይመርጣል ተብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ብድግ ይላል። «በጣም ጥሩ ነው፣ ግን» ትላለች። ከዚያች «ግን» በኋላ የሚመጣው ነገር ተናጋሪውን መሀረብ ያስወጣዋል። ሥራዋ ይኸው ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰው እንዳይበድል ታጠናለች፣ ሲበድል ለተበደለው ትጮኻለች፣ ተማሪዎቿንም ይህንኑ ታስተምራለች።

አክስቷ ይህን ሁሉ ለጎረቤት ሲያስረዱ ያሳጥሩታል። «ለማሽን ግብረ ገብ ታስተምራለች» ይላሉ። ጎረቤትም አያሳልፍም፤ «እሰይ፣ የሰውን ጨርሳ ነው?» ይላል።

አክስቷን ሰፈሩ በሙሉ እቴቴ ነው የሚላቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው። እህታቸው ስትሞት ልጅቷን ወስደው፣ እግራቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሱ ለዶክትሬት አብቅተዋታል። ዛሬም የሚኖሩት በዚያው ቤት ነው፤ የፊተኛው ክፍል ስፌት ቤት፣ የኋለኛው መኝታ ቤት። እቴቴ በዕድሜያቸው አንድ ቀን «አመመኝ» ብለው አያውቁም። ትኩሳት የያዛቸው ቀን «ትንሽ ደከም ብሎኛል» ይላሉ፤ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው ቀን ደግሞ «ደህና ነኝ» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዶክተሯ እቴቴ የሰፉላትን አዲስ ቀሚስ ልትወስድ መጣች። ለበሰችው። የቀኙ እጅጌ አንጓዋ ላይ ቆመ፤ የግራው ግን አውራ ጣቷን አልፎ ወረደ። አንገቱም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር።

«ልክ ሆነልሽ?» አሉ እቴቴ፣ ከእሷ ይልቅ ከጎኗ ወዳለው በር እያዩ።

«ልክ ነው እቴቴ። እጅሽ ይባረክ።»

ለባለሥልጣን ያልተመለሰችው «ግን» እዚያች ክፍል ውስጥ ስትገባ ድምጿ ይጠፋል። እጅጌውን ቀስ ብላ ወደ ውስጥ አጠፈችው። የእቴቴን ዓይኖች ሞራ ከጋረዳቸው ቆይቷል። መርፌያቸውን ክር የሚያስገባላቸው በበሩ የሚያልፍ ሰው ነው፤ እሳቸው ግን «ለጨዋታ ብዬ ነው የምጠራችሁ» ይላሉ። ደግነቱ ከሌላ ከተማ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ጤና ጣቢያው ውስጥ ሞራ እየገፈፉ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። እቴቴ ሐኪሞቹ የመጡ ሰሞን ነው የተመዘገቡት። «ይደውሉልኛል» ይላሉ፤ ዶክተሯም አምናቸው ተቀምጣለች።

ይህን እያሰበች ሳለ ስልኩ ጮኸ። እቴቴ ቁልፉን በዳበሳ አግኝተው ነኩትና ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

«ጤና ይስጥልኝ። ከጤና ጣቢያው ነው የምደውለው። እንዴት ነዎት?» አለ አንድ ለስላሳ የወንድ ድምፅ።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን። አንተስ እንዴት ነህ? ሥራ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና ነው?»

«ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ምን ይሆናል ብለህ። አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ።»

«ደህና መሆንዎን በመስማታችን ደስ ብሎናል። መልካም ቀን።»

«አሜን፣ እደግ፣ ተመንደግ» አሉ እቴቴ። ስልኩ ምርቃቱን ሳይጠብቅ ተዘግቷል።

ዶክተሯ ቀሚሱን እንደለበሰች ወደ ስልኩ ቀረበች። «እቴቴ፣ ይሄ ማነው?»

«የጤና ጣቢያው ልጅ ነዋ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ይደውልልኛል፤ ለሰፈሩ ሁሉ ይደውላል። እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ። ብቻ ስለ ራሱ አይናገርም። ቤተሰብ ስለው ዝም ይላል። ሳይቸግረው አይቀርም።»

«እቴቴ፣ እሱ እኮ ሰው አይደለም። ማሽን ነው።»

«ተይ እንጂ፣ የሰው ልጅ እንዲህ አይባልም።»

ዶክተሯ ልጁን ታውቀዋለች። ይባስ ብሎ፣ ፈትና ያሳለፈችው እሷ ናት። ጤና ጣቢያው የሕሙማንን ወረፋ የሚያስይዘውን ማሽን ሲገዛ፣ ፍትሐዊ መሆኑን መርምሪልን ብሏት ነበር። መረመረች። ተማሪዎቿን ሰብስባ አንዱን ጉልበት፣ አንዷን ኩላሊት፣ ሌላውን ዓይን ታመም ብላ አከፋፈለቻቸው። ተማሪ ደግሞ ማማረር ማን ያስተምረዋል? አቃሰቱ፣ ተንፈራገጡ፣ አንዱማ ኑዛዜ ጀምሮ ነበር። ማሽኑ ወንድ ከሴት፣ የገጠር አነጋገር ከከተማ አነጋገር ሳያበላልጥ ሁሉንም እንደየሕመሙ ደለደለ። ዶክተሯም አንድም «ግን» የሌለበት ሪፖርት ጻፈች። ተማሪዎቿ ያን ቀን ቀለም ያለቀባት መስሏቸው ነበር።

«እንዴት ነሽ ሲልሽ ለምን እውነቱን አትነግሪውም?» አለች።

«ሰው ሰላም ሲልሽ ጉድሽን ትዘረግፊበታለሽ? እንዲህ ነው እንዴ ያሳደግሁሽ?»

አይደለም። እንዲህ አልነበረም ያሳደጓት፤ ችግሩም እሱ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አዲሱን ቀሚስ ለብሳ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ገባች። ሌላ ለብሳ ብትሄድ እቴቴ መስማታቸው አይቀርም። ኃላፊው ግራ ጉንጩ አብጦ፣ መዳፉን አስደግፎ ተቀምጧል።

«እንዴት ነዎት?» አለችው።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አለ፣ ከንፈሩን በግማሽ ብቻ እያንቀሳቀሰ።

ጉዳዩን ነገረችው። ኃላፊው የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እሷ አዞረው። ከወረፋው አናት ላይ ዓይኑ ውስጥ ሽፋሽፍት የገባበት አንድ ጠበቃ ተቀምጧል፤ ለማሽኑ አቤቱታውን በሦስት ነጥብ ከፍሎ ነበር ያስረዳው። ከታች ደግሞ የሰፈሯ ሽማግሌዎች በሙሉ፣ በጨዋነታቸው ልክ ተደርድረዋል። ከሁሉም በታች እቴቴ ናቸው። ሲመዘገቡ ከላይ ነበሩ፤ በየቅዳሜው አንድ «ደህና ነኝ» ባሉ ቁጥር ወደ ታች ተንሸራተዋል። በስማቸው አጠገብ ቢጫ ምልክት አለ።

«ቢጫው ምንድነው?»

«አንድ ጊዜ ደግመው ደህና ነኝ ካሉ ድነዋል ማለት ነው። ከወረፋው ይወጣሉ።»

ዶክተሯ ቀኑን ቆጠረች። የሚቀጥለው ጥሪ ቅዳሜ ነው፤ ወሩም እያለቀ ነው።

«ይህ ፍትሕ አይደለም» አለች።

«ዶክተር፣ ማሽኑ ለማንም አላዳላም። ሁሉንም እኩል ይጠይቃል። ይህን ያልሁት እኔ አይደለሁም» አለና ሪፖርቷን ከመሳቢያ አወጣ። ፊርማዋ እዚያ ላይ አለ፣ ያማረ ፊርማ። «ሕመምተኛው ደህና ነኝ ካለኝ፣ የለም አሞዎታል ብዬ ልከራከረው? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲያው እርስዎ ስለሆኑ፣ የአክስትዎን ስም ብቻ ወደ ላይ ላድርገው? እኔና እርስዎ እንወቀው።»

በዓለም ላይ ካሉ ቃላት ሁሉ በዚያች ደቂቃ ልትለው የፈለገችው «እሺ» የሚለውን ነበር። አፏ ድረስ መጣ። ነገር ግን ከእቴቴ በላይ የተደረደሩት ስሞች ዓይኗ ላይ ቀሩ፤ ጡረተኛው ሹፌር፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ልጅ ሆና በግቢያቸው የተጫወተችባቸው ሰዎች ሁሉ።

«በጣም አመሰግናለሁ፣ ግን» አለች።

ደረጃውን ራሷን እየሰደበች ወረደች። እቴቴ ቢታወሩ ይህቺ «ግን» መርፌ ላይ ክር አታስገባላቸውም።

ዩኒቨርሲቲ እንደደረሰች ከምታማክራቸው ተማሪዎች አንዷን አስጠራች። ይህቺ ልጅ ከሁሉም ዝምተኛዋ ናት። ሌሎቹ የዶክተሯን በር ሲያንኳኩ ይውላሉ፤ መረጃ አጣሁ፣ ኮምፒውተሬ ተበላሸ፣ ፍቅረኛዬ ተለየችኝ ይላሉ። ዝምተኛዋ ግን «ጥናትሽ እንዴት ነው?» ስትባል «ደህና ነው ዶክተር» ብላ፣ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘግታ ትወጣለች። ዶክተሯ እንደሷ ያለ አስር ተማሪ ቢኖራት ምንኛ ታርፍ ነበር።

ታሪኩን ስትሰማ ዝምተኛዋ ቀላች። «እኔ በፈተናው ጊዜ ኩላሊት ነበር የደረሰኝ» አለች። «እንዴት ነዎት ሲለኝ ሳላስበው ደህና ነኝ አልሁት። ዘጋብኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀውኝ ነበር። ‹ችግር አለ?› አሉኝ። ‹የለም› አልሁ።»

ዝምተኛዋም ጥፍሯን እያየች፣ «ማሽኑን በአምስት ቀን መቀየር ካልተቻለ፣ ሰዎቹን ማማረር ብናስተምራቸውስ?» አለች።

«እኔ የሥነ ምግባር ሰው ነኝ። ሰው ማሽን እንዲያታልል ላስተምር?»

«ውሸት እኮ አይደለም። ያማቸዋል።»

ስለዚህ ያ ሰፈር አይቶት የማያውቀው ትምህርት ቤት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ተከፈተ። ሕጉ አንድ ነው፤ የሌለ በሽታ አይነገርም፣ ያለው ግን አይደበቅም። ዶክተሯ ሰሌዳው ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላ ጻፈች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አነበቡት፤ ለልጆቻቸው የሚሉት ነገር ነው። እቴቴም መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ለመማር ሳይሆን፣ የእህታቸው ልጅ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንዳታፍር ነው።

ዝምተኛዋ ማሽኑን ሆና ጠየቀች። መጀመሪያ የተነሱት ጡረተኛው ሹፌር ናቸው፤ ጉልበታቸው ለዓመታት ፍሬን ሲረግጥ ኖሮ አሁን አልታጠፍም ብሏል።

«እንዴት ነዎት?»

«ደህና» አሉ፣ ቀጥ ብለው ቆመው።

«ጉልበትዎስ እንዴት ነው?»

«እሱም ደህና ነው። ሰላም ይላችኋል።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ተነሳች። የዱቄት ጆንያ ወገቧን ሰብሮታል። «ወገቤን» ብላ ጀመረች፤ አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። «ወገቤን፣ ያን ያህልም አይደል» ብላ ተቀመጠች። ዶክተሯ «ወይኔ» በሉ ብላ ለመነች፤ አሉ፣ ግን አንዱ ሲል ሌላው እየሳቀ ነው። ማቃሰት ብታስለምዳቸው ድምፁ የሠርግ ቤት መሰለ። አንድ ሽማግሌ ብቻ አሳምረው አቃሰቱ፤ በኋላ ሲጠየቁ ወንበሩ ተሰብሮባቸው ነው።

ተራው እቴቴ ዘንድ ደረሰ። «እኔን ተዉኝ» አሉ። «ላልወለድሁት ልጅ በስልክ ገመናዬን አላወጣም። ሆድ ይፍጀው።»

«እቴቴ፣ ቅዳሜ ደህና ነኝ ካልሽው ከወረፋው ያወጣሻል። ሐኪሞቹ ይሄዳሉ። ዓይንሽ» አለች ዶክተሯ፤ ቃሉን መጨረስ አቃታት።

«ደህና ነው ዓይኔ» አሉ እቴቴ፣ ለግድግዳው።

ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። ዶክተሯ ተስፋ ቆርጣ ሰሌዳዋን ስትጠርግ፣ ዝምተኛዋ ክንዷን ነካ አደረገቻትና ወደ በሩ ጠቆመቻት። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው ያወጋሉ።

«እሷ ደህና ነኝ ትላለች» ይላሉ ሹፌሩ ስለ ዳቦ ጋጋሪዋ። «ትናንት ጆንያውን አንስታ ቀና ማለት አቅቷት፣ ጎንበስ እንዳለች አይደል እንዴ ለደንበኛ ዳቦ የሸጠችው? ደንበኛው ዕቃ የጠፋባት መስሎት አብሯት ሲፈልግ ነበር።»

«ማ? ራሱስ?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ደረጃ የሚወርደው ወደ ኋላ ነው፣ መኪና እንደሚያስገባ። ለሰላምታ ነው የዞርሁት ይላል።»

«ዶክተር» አለች ዝምተኛዋ በሹክሹክታ፣ «ስለ ራሳቸው አይናገሩም። ስለ ሰው ግን ማን ይችላቸዋል?»

ዶክተሯ የሰሌዳ መጥረጊያውን ጣለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ስልካቸውን ይዘው አዳራሽ ገቡ። ደንቡ ተለውጧል፤ ስልኩ ሲጮኽ የሚያነሳው ባለቤቱ ሳይሆን ከጎኑ የተቀመጠው ነው። ልጁ ማን እንደሚያናግረው አይጠይቅም፤ የሰማውን ይመዘግባል። የሹፌሩ ስልክ ቀድሞ ጮኸና ዳቦ ጋጋሪዋ ቀማቻቸው።

«እንዴት ነዎት?» አለ ልጁ።

«እኔ ጎረቤቱ ነኝ። እሱን ብትጠይቀው ደህና ነኝ ይልሃል፤ አትመነው» ብላ ጀመረች። ደረጃውን፣ ጉልበቱን፣ ሌሊት የሚሰማውን የአልጋ ሲጥሲጥታ፣ አንድም ሳትጨምር አንድም ሳትቀንስ ዘረዘረችው። ሹፌሩ በኀፍረት ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፉት።

«ሁኔታው አስቸኳይ ተብሎ ተመዝግቧል» አለ ልጁ።

አዳራሹ ጉድ አለ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው? ሹፌሩ የዳቦ ጋጋሪዋን ስልክ ነጥቀው ብድራቸውን መለሱ። እየተጮኸ፣ እየተቀማማ፣ እየተካካደ አስቸኳይ፣ አስቸኳይ፣ አስቸኳይ ሆነ። በሩ ተበረገደና የጤና ጣቢያው ኃላፊ ገባ፤ ወሬው ደርሶታል። ጉንጩ ከሰኞው ብሷል።

«ዶክተር፣ ይህ ማጭበርበር ነው» አለ። «ወረፋው ተተረማምሷል። እርስዎ ያሉትን ነው የማምነው፣ ማሽኑ ትክክል ነው ብለው ፈርመዋል።»

ዶክተሯ አፏን ከመክፈቷ በፊት ዝምተኛዋ ቀድማ ተራመደች። ለፈተናው ጊዜ የተሰጣቸውን ቁጥር ደውላ፣ ስልኩን በሁለት እጇ አክብራ አቀረበችለት። «ለእርስዎ ነው» አለች።

ኃላፊው ለወጉ ተቀበለ።

«ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አለ።

«የሚያምዎት ነገር አለ?»

«የለም፣ የለም፣ ደህና ነኝ» አለ፣ ጉንጩን በሌላ እጁ ደግፎ።

«ደህና መሆንዎን በመስማታችን ደስ ብሎናል። መልካም ቀን።»

ስልኩ ተዘጋ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ምን እንደደረሰበት ቀስ እያለ ገባው።

«አይ ልጄ» አሉ እቴቴ ከኋላ፣ በአዘኔታ። «ጉንጭህ እኮ ለእኔ እንኳ፣ በዚህ ዓይኔ ታየኝ።»

ዶክተሯ ዞረች። «በዚህ ዓይኔ» ሲሉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። የመጨረሻዋም ሊሆን ይችል ነበር፤ ምክንያቱም ያኔ የእቴቴ ስልክ ጮኸ፣ እቴቴም ማንም ሳይቀማቸው ነኩት።

«እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን።»

«ዓይንዎ እንዴት ነው?»

ዶክተሯ እጇን ዘረጋች፤ እጇ ግን መንገድ ላይ ቀረ። በስንት መድረክ ላይ ስንቱን ባለሥልጣን የተጋፈጠች ሴት፣ ያሳደጓትን ሰው በሰው ፊት ማሳጣት አቃታት። ስልኩን የወሰደችው ዝምተኛዋ ናት።

«ዓይናቸው ደህና አይደለም» አለች። «መርፌ ክር የማስገባላቸው እኔ ነኝ፣ ይህን ሳምንት በየቀኑ። ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ረቡዕ ዕለት ካውያው ጣታቸውን አቃጥሏቸው የበሩ ጠርዝ ነው አሉን። የሚሰፉት በዳበሳ ነው። እንዲያውም የዶክተርን ቀሚስ» ብላ ስትል ዶክተሯ እግሯን ረገጠቻት። «እንዲያውም ብዙ ነገር አለ» ብላ ጨረሰች።

«ሁኔታው አስቸኳይ ተብሎ ተመዝግቧል» አለ ልጁ።

እቴቴ ፊታቸው ጠቆረ። ሽማግሌዎቹ ወለሉን አዩ። «እሺ» አሉ እቴቴ ዝግ ብለው። «ስለ ሰው መናገር ከሆነ ጨዋታው፣ እኔም ተራዬን ልጫወት። ይቺ ልጅ መርፌዬን እያስገባች ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልታመመም። ጎትጉቼ አናገርኋት፤ ጥናቷ ከቆመ ከርሟል። ትምህርቱን ልትተወው ነው። አንቺ አስተማሪዋ ደግሞ በየሳምንቱ እንዴት ነው ትያታለሽ፤ ደህና ነው ትልሻለች፤ አንቺም መልካም ቀን ብለሽ ትዘጊያለሽ።»

ከዚህ በኋላ ማንም አልሳቀም። ዶክተሯ ፊቷ እሳት ሆነ። ማሽኑን ስትከስ የሰነበተችበት ቃል ሁሉ እየተመለሰ በራሷ ላይ አረፈ። የሚነጫነጩት ወረፋውን ወስደዋል፤ ጨዋዋ ከታች ናት፣ ቢጫ ምልክት አጠገቧ ተቀምጧል፣ አስቀማጯም ራሷ ናት። ወንበር ስባ ከዝምተኛዋ ፊት ተቀመጠች።

«ጥናትሽ እንዴት ነው?» አለች።

«ደህ» ስትል ልጅቷ፣ አዳራሹ በአንድ አፍ «እእ» አለ።

ዝምተኛዋ አለቀሰች፤ ከዚያም ተናገረች፣ ለረጅም ጊዜ። ኃላፊው ሳይቀር ጥርሱን ረስቶ ሰማ።

የሆነው ሆኖ፣ የዚያን ሳምንት ማሽኑ ሁለት አዲስ ሕግ ተጻፈለት። የመጀመሪያው «ደህና ነኝ» አይቆጠርም። ሁለተኛው፣ ታማሚው ሲመዘገብ ስለ እሱ የሚጠየቅ አንድ ጎረቤት ይሰጣል። ሁለቱንም ያረቀቀችው ዝምተኛዋ ናት፤ የቆመው ጥናቷ ከዚያው ተነሳ። ዶክተሯ የድሮ ሪፖርቷን ሽራ ሌላ ጻፈች፤ በየገጹ «ግን» የሞላበት ነው። ኃላፊው ጥርሱን ተነቀለ፣ ያስነቀለችው ጸሐፊው ናት፤ ስለ እሱ ተጠይቃ።

እቴቴም ሐኪሞቹ ሊሄዱ ሲሰናዱ ደረሱ። የአንደኛው ዓይናቸው ፋሻ የተፈታው ስፌት ቤታቸው ውስጥ፣ መኪናው አጠገብ በተቀመጡበት ነው። ነርሷ እንደወጣች ዶክተሯና ዝምተኛዋ ፊት ለፊታቸው ቆሙ። እቴቴ መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ የእጃቸውን መዳፍ አገላብጠው አዩ። ከዚያ የእህታቸውን ልጅ አዩ፣ ከእግር እስከ ራስ፣ ሳይቸኩሉ። ዶክተሯ እንባዋ መጣ።

«ሽበት አውጥተሻል» አሉ። አንገታቸውንም ዘንበል አደረጉ። «ይሄን ቀሚስ ማነው የሰፋው?»

ዝምተኛዋ ጣሪያውን ማጥናት ጀመረች።

«አንቺ ነሽ እቴቴ።»

«እጅጌውን ዘርጊው።» ዘረጋችው። አውራ ጣቷ ተሸፈነ። «ይሄን ለብሰሽ ኃላፊው ቢሮ ሄድሽ?»

«ሄድሁ።»

«ስብሰባም?»

«ስብሰባም።»

«ልክ ሆነልሽ ወይ ብዬሽ ነበር። ምን አልሽኝ?»

ዶክተሯ እጅጌውን መልሳ አጠፈችው። እቴቴ መቀሳቸውን አንስተው «አውልቂው» ሊሉ ሲሉ ስልኩ ጮኸ። አሁን ቁልፉን በዳበሳ አልፈለጉትም፤ አይተው ነኩት።

«ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ነዎት?» አለ ልጁ።

«እኔን ተወኝ ልጄ» አሉ እቴቴ፣ ዓይናቸውን ከእጅጌው ላይ ሳያነሱ። «እዚህ አጠገቤ አንዲት ዶክተር አለች። ደህና ነኝ ትልሃለች፤ አትመናት።»